ደሴ ላይ ሞናኮን የሚያስነዳው ጌም ቤት

ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጌም ቤት አለ። ደሴ ውስጥ ጌም ቤት ብርቅ አይደለም፤ ግን ሁሉም ኳስ ነው። ይሄኛው ጥግ ላይ መሪና ፔዳል ተክሏል። ጨዋታውም የ2024ቱ ፎርሙላ ዋን፣ የዓለም የመኪና እሽቅድምድም ነው። እኔ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነኝ። ሰው መሪ ሲጨብጥ ምን እንደሚሆን ሳይ ነው የምውለው። ቤቱን የምመዝነውም በዚያው ዓይን ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቤቱ ሸጋ ነው፤ ሂዱ። በተለይ መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ያሰባችሁ ልጆች ሂዱ። ይዛችሁ ደግሞ ደርቦ ማለፍ ጀግንነት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ከሁሉም በፊት ሂዱ። ሁለት ነገር ግን መስተካከል አለበት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። መሪው ሎጂቴክ ጂ 29 ነው። በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 900 ዲግሪ፣ ማለትም ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል። ውስጡ ሞተር አለው። መኪናው የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጥ መሪው እጅ ላይ ይታገላል፤ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ይላላል። ማርሽ የሚቀየረው ከመሪው ኋላ በጣት ነው። ፔዳሉ ሦስት ነው፣ ፍሪሲዮንም አለው፤ እዚህ ጨዋታ ላይ ግን እግራችሁ አይፈልገውም። ከሁሉም የወደድኩት ፍሬኑን ነው። ጠንካራ ነው፤ በደንብ ካልተረገጠ አይሠራም። ልጆቹ መጀመሪያ ሲቀመጡ "ጋሼ፣ ተበላሽቷል እንዴ?" ይሉኛል። አልተበላሸም፤ ሲሠራ እንደዚህ ነው። እግር ፍሬንን መመጠን የሚለምደው እንዲህ ያለ ፔዳል ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ ወንበሩ ላይ ነው። ተራ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለቤቱ ከእግሮቹ ሥር የጎማ ምንጣፍ አንጥፎለታል፤ አልበቃም። የተቀመጠበት የሚንሸራተትበት ሰው የረገጠውን ያህል ፍሬን አያገኝም፣ በሚቀጥለው ኩርባ ደግሞ ከልክ በላይ ይረግጣል። ወንበሩ ግድግዳ ቢደገፍ ነገሩ ያልቃል። ነግሬዋለሁ፤ አሁንም እነግረዋለሁ።

ጌሙ ውስጥ 24 የውድድር ቦታ አለ። ልጆቹ በፍጥነቱ የተነሳ የጣሊያኑን ሞንዛን ይወዳሉ። እኔ ሁሌ ሞናኮን ነው የማስመርጣቸው። ሞናኮ ለውድድር ተብሎ የተሠራ ሜዳ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። በዓመት አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ ግራና ቀኝ ብረት ይተከላል፣ መኪናዎቹ በሆቴልና በፎቅ መሃል ይከንፋሉ። ከ1929 ጀምሮ እንዲህ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አንዱ ዙር 3.337 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውድድሩ 78 ዙር ነው። ዳገት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ዋሻ አለው፣ ከዋሻው ሲወጣ ወደቡ ዳር ይደርሳል። ሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው እጥፋት ከፎርሙላ ዋን ኩርባዎች ሁሉ ዝግተኛው ነው። ቡድኖቹ ለዚያች አንድ ኩርባ ሲሉ የፊት ጎማው ከወትሮው በላይ እንዲታጠፍ አድርገው ይመጣሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው እዚያች እጥፋት ላይ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ቀስ ይላል።

ሞናኮ ላይ ደርቦ ማለፍ ለምን እንደሚከብድ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ይገባችኋል። አንደኛ ቦታ የለም። የ2024ቱ መኪና ስፋቱ 2 ሜትር ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ለስህተት የሚተርፍ መንገድ የለም። ሁለተኛ፣ ደርቦ ማለፍ የሚሳካው አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን ላይ ነው። የፊተኛው ቀደም ብሎ ይይዛል፣ የኋለኛው ትንሽ ዘግይቶ ይይዝና ጎኑ ይገባል። ሞናኮ ላይ ቀጥታው አጭር ነው። የካርቦን ፍሬኑ ደግሞ መኪናውን በአጭር ርቀት ያቆመዋል። ስለዚህ በመሃል የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሦስተኛው አየሩ ነው። የፊተኛው መኪና የበጠበጠው አየር ውስጥ የገባ መኪና ኩርባ ላይ መሬት አይቆነጥጥለትም። በቅጡ ሊሞከር የሚችለው ከዋሻው ወጥቶ ወደቡ ጋ ያለው ዚግዛግ ላይ ነው። እሱም የፊተኛው ካጠፋ ነው።

ታሪኩም ይሄንኑ ይላል። በ1992 ናይጀል ማንሴል የሚባል ሹፌር መጨረሻው ላይ ጎማ ቀይሮ ሲመለስ ከፊቱ ከነበረው ከአይርተን ሴና እጅግ ይፈጥን ነበር። ግራ ሞከረ፣ ቀኝ ሞከረ፣ አላለፈም። ሴና አሸነፈ። በ2018 ዳንኤል ሪካርዶ እየመራ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ጠፋበት። የተጎዳ መኪና ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ከኋላው የነበረው ቬትል ሊያልፈው አልቻለም። በ2024 ከ1ኛ እስከ 10ኛ ያሉት በተነሱበት ተራ ጨረሱ። በ2025፣ ማለትም ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ውድድሩ እንዲነቃቃ ተብሎ እያንዳንዱ ሹፌር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጎማ እንዲቀይር ተገደደ። ከፊት የተነሳው ላንዶ ኖሪስ ራሱ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ "ታዲያ ምኑ ይታያል?" ይላል። ለእኔ የሚታየው ትዕግሥቱ ነው። የዓለም ምርጥ የሚባሉ ሹፌሮች መኪናቸው እየቻለ፣ መንገዱ ስላልፈቀደ ብቻ ከሌላው ኋላ ይቆያሉ። የእኛ ሚኒባስ ሹፌር ቢያየው ደስ ይለኛል።

የውድድር ዳኞቹ የሚመሩበት ደንብ አለ። በውስጥ በኩል የሚገባው መኪና የኩርባው እምብርት ላይ ሲደርስ የፊት ጎማው ቢያንስ የሌላው ስፖኪዮ አጠገብ መድረስ አለበት። እዚያ ከደረሰ ቦታ ይተውለታል። ካልደረሰ ግን ቦታው የፊተኛው ነው። ይሄን ለሠልጣኞቼ ማስረዳት ሰሌዳ ላይ ያደክመኝ ነበር። እዚህ ወንበር ላይ ቀላል ሆነልኝ። አንዲት ሠልጣኜ ከፊቷ ያለውን መኪና ጅራቱን ይዛ ትሄዳለች።

"ጋሼ፣ ልግባ?"

"ስፖኪዮው ጋ ደርሰሻል?"

"አልደረስኩም።"

"እንግዲያው ቦታው የሱ ነው።"

ቆየች። ዙሩን ጨርሳ ሌላም ጨመረች። ዋሻው መውጫ ላይ የፊተኛው ዘግይቶ ፍሬን ያዘና ወጣ አለ። እሷ ፍሬኗን ቀድማ ይዛ ጨርሳ ስለነበር መኪናዋ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሳትቸኩል አለፈችው። ጌም ቤቱ ውስጥ የነበረው ልጅ ሁሉ አጨበጨበላት። እኔም ከልቤ ኮራሁባት።

ሁለተኛውና ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ይመጣል። ጌሙ ፍላሽባክ የሚባል ነገር አለው። ግጭት ሲደርስ አንድ ቁልፍ ትጫኑና ጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል። መኪናው ድኖ ከኩርባው በፊት ታገኙታላችሁ። ቤቱ ይሄን ክፍት አድርጎ ነው የሚያከራየው። ጉዳቱንም ዝቅ አድርጎታል፤ ብረት ገጭታችሁ ትቀጥላላችሁ። ባለቤቱ "ልጆቹ እንዳይሰለቹ ነው" ይላል። ገበያውን እረዳለሁ። ነገር ግን አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሞናኮ ዳገት ላይ በብረትና በመኪና መሃል ይሰነቀራል፣ ይጋጫል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ይሰነቀራል። በመጨረሻ አንዷ ትሳካለታለች። በጭንቅላቱ የሚቀረው ያቺ የተሳካችው ናት። ይሄ ልጅ ነገ ባጃጅ ይይዛል፣ ከነገ ወዲያ አይሱዙ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ያቺ ዳገት እውነተኛውም ውድድር ላይ ሰው አስደንግጣለች። በ2024 የመጀመሪያው ዙር ላይ ኬቨን ማግኑሰን በብረቱና በሰርጂዮ ፔሬዝ መኪና መሃል ሊያልፍ ሞከረ። ቦታው ጠበበ፣ ጎማ ለጎማ ተነካኩ። የፔሬዝ መኪና ተበታተነ። ምንም ያላደረገው ሁልከንበርግ እንኳ አልተረፈም። ሦስቱም ከውድድር ወጡ፣ ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆመ። ሹፌሮቹ በእግራቸው ወጡ። በራሳቸው ዙሪያ ያለው ሃሎ የሚባለው መከላከያ፣ ከ2018 ጀምሮ የገባው፣ የካርቦኑ ገላ፣ የብረት አጥሩ፣ ሁሉም ዓመታት የተለፋበት ነው። በ1967 ሎሬንዞ ባንዲኒ እዚያው ሞናኮ ላይ ወደቡ ጋ ሲጋጭ ዳር ላይ የተደረደረው የገለባ እስር ነበር። እሳቱን አባሰው። ባንዲኒ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ፍላሽባክ አልነበረውም።

ስለዚህ ስትገቡ ፍላሽባኩ ይጥፋ፣ ጉዳቱ ወደ ሙሉ ይውጣ በሉ። ባለቤቱ ጥሩ ልጅ ነው፤ ከጠየቃችሁት ያደርገዋል። መሬት ላይ የሚታየውን የመስመር ምልክት ግን ለጀማሪ አታጥፉት። ቀዩ ፍሬን የት እንደሚያዝ ያሳያል። ጌሙ አንድ ሌላ ያስደሰተኝ ነገር አለው። ዚግዛጉን ቆርጣችሁ ካለፋችሁ "ቦታውን መልስ" ይላችኋል። በ2025 ጆርጅ ራስል እውነተኛው ሞናኮ ላይ እዚያው ቆርጦ አልቦንን አለፈና ጎማ በሚቀየርበት የፒት መንገድ ሳይቆም እንዲያልፍ ተቀጣ። ሞናኮ ላይ የፒት ፍጥነት 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቅጣቱ መራራ ነው።

ጌሙ የማያስተምረውን ደግሞ ልናገር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሞናኮ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ የለም። መንገዱ ለአንድ አቅጣጫ ነው። በየኩርባው ባንዲራ የያዘ ሰው ቆሟል፤ ቢጫ ከተውለበለበ መደረብ ክልክል ነው። ሐረጎ ላይ ባንዲራ የሚያውለበልብልህ የለም። ከጅቡቲ በሚሌ ዞሮ ኮምቦልቻ የገባው ተሳቢ ወደ ደሴ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው አሥር መኪና ይሰለፋል። ተሳቢ ኩርባ ላይ ኋላው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ፊቱ ሰፊ ቦታ የተወልህ መስሎህ ጎኑ ከገባህ ኋለኛው ጎማ ይመጣብሃል። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የሚመጣው መኪና መብራቱ የሚታየው አጠገብህ ሲደርስ ነው። ኩርባ ላይ፣ የዳገት ጫፍ ላይ፣ ድልድይ ላይ አትደርብ የሚለው ሕግ የወጣው ለዚህ ነው። ከጌም ቤቱ ደረጃ ወርዶ መኪና ውስጥ የሚገባ ሠልጣኝ ካለኝ ሁሌ ይሄን ደግሜ እነግረዋለሁ፣ እየሰለቸውም ቢሆን።

የቀረውን ባጭሩ። ዋጋው ከኳሱ ወንበር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን ለመሪው ይገባዋል። የሚከፈለው በጊዜ ስለሆነ አምስት ዙር አስመርጡ፤ ሙሉው 78 ዙር ኪስ ይጎዳል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የለም። የቀረውን ጊዜ በሌላ ቀን ያካክሱላችኋል፤ እስካሁን ቃላቸውን አጥፈውብኝ አያውቁም። ሻይ ከታች ካለው ቤት ይመጣል፣ ቀረፋ ያለው። ድምፁ ችግር ነው፤ ኳስ የሚጫወቱት ይጮሃሉ፣ የሞተሩ ድምፅ አይሰማም። ማርሽ በጆሮ መቀየር ለሚወድ ሰው ይሄ ያናድዳል። ማዳመጫ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ወረፋው ብዙ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ወንበሩ ባዶ ነው፤ ባለቤቱም ያኔ ቅንብሩን አብሯችሁ ለማስተካከል ጊዜ አለው።