የልጄን የጀርባ ሕመም ላስታገሰችልኝ ፊዚዮቴራፒስት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በአደባባይ ላመሰግናት ነው። ልጃቸው «ጀርባዬን፣ ትከሻዬን» የሚላቸው ወላጆችም ለማን እንደሚያሳዩ እንዲያውቁ ነው። ስሟ እንዲጠራ ስላልፈለገች ሙያዋን ብቻ ልናገር። ልጆችን የምታክም ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ናት።

መጀመሪያ የወደድኩላት ነገር እኔን ትታ ልጄን ማናገሯ ነው። የት ጋ ነው የሚያምሽ? የትምህርት ቤት ቦርሳሽን ስታወልቂ ይተውሻል? ሌሊት ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? እጅሽ ይደነዝዛል? የሌሊት ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ቶሎ ሐኪም ማየት አለበት አለችኝ። ልጄ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣቻት። አንዴ ከነቦርሳዋ፣ አንዴ ያለ ቦርሳ። ልጄ 32 ኪሎ፣ ቦርሳው 6 ኪሎ! ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት ቦርሳው ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ለእሷ ከ3 ኪሎ ትንሽ ከፍ ቢል፣ ቢበዛ ወደ 5 ኪሎ ቢጠጋ ነው።

ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። በማግስቱ የማይማሩት መጽሐፍ፣ ተጽፎ ያለቀ ደብተር፣ አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ኮዳ። ኮዳው ብቻውን 1 ኪሎ ነው። አንድ በአንድ እያነሳች «ይሄ ነገ ያስፈልግሻል?» ስትላት፣ ቆይቶ ልጄ ራሷ ትለይ ጀመር። የቀረውን ሲመልሱ ትልልቆቹ መጻሕፍት ወደ ጀርባ የሚጠጋው ኪስ ገቡ። ከባዱ ነገር ከጀርባ ሲርቅ ልጅ ወደፊት ያጎነብሳል፣ አንገቱንም ያሰግጋል። ማንገቻዎቹን አሳጠረቻቸው። ከወገቧ በታች ይንጠለጠል የነበረው ቦርሳ ጀርባዋ ላይ ልክክ አለ። በአንድ ትከሻ ማንጠልጠልም ቀረ።

ይበልጥ ያከበርኳት ግን «አጥንቷ ይጣመም ይሆን?» ብዬ ስጠይቃት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያስፈራራኝ ነበር። እሷ ግን ቦርሳ የአከርካሪ መጣመም እንደሚያመጣ ማስረጃ የለም አለችኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን በተባለ የሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ግምገማም፣ የልጆችን የጀርባ ሕመም የሚያመጣው ቦርሳ ነው ለማለት አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ከባድ ቦርሳ ጡንቻን ያደክማል፣ ትከሻን ይጫናል። ግን ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ረጅም ሰዓት አቀርቅሮ መቀመጥ፣ አለመንቀሳቀስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትም አሉበት። ስለ እንቅልፏና ስለ ጨዋታዋም ጠይቃት የነበረው ለዚህ ኖሯል።

ስለዚህ ተኝተሽ ዋዪ አላለቻትም። እንደውም ሩጪ፣ ዝለዪ አለቻት። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅን ከግራ እግር ጋር መዘርጋት፣ ከዚያ ማቀያየር አስተማረቻት። ልጄ ይህን እንደ ጨዋታ ይዛዋለች። ማታ ታናሽ ወንድሟንም እያሰራች ነው። ሕመሙም ለቋታል።

እህቴ፣ ክበሪልኝ። እጅሽ ይባረክ።

ወላጆች፣ በያላችሁበት ልጆችን የሚያይ ፊዚዮቴራፒስት ፈልጉ። ስትሄዱ ቦርሳውን ሳታቀሉ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት እንደመጣ ውሰዱት።