ኤምኤስ-ዶስ 6.22 ከወራት በኋላ፦ አነሳሱ ደስ ይላል፣ ዲስኩ ግን ያስለፋል

የምጽፈውን ነገር ሁሉ አሮጌ ፔንቲየም ላይ በጫንኩት ኤምኤስ-ዶስ 6.22 መጻፍ ከጀመርኩ ወራት አለፉ። የማይክሮሶፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሆን በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በሥራ መሀል የሚያቋርጠኝ ማሳወቂያ የለም፣ አፕዴት የለም። ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ።

አነሳሱን ወድጄዋለሁ። ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ሚሞሪውንና ኪቦርዱን ይፈትሽና የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር፣ 512 ባይት ብቻ፣ ያነባል። እዚያ ያለችው ትንሽ ኮድ ገባሪ የተባለውን ክፋይ (ሲስተሙ የሚነሳበትን የዲስክ ክፍል) ትፈልጋለች፤ የክፋዩ ቡት ሴክተር አይኦ ዶት ሲስን ይጭናል፣ ኤምኤስዶስ ዶት ሲስ ይከተላል፣ ኮንፊግ ዶት ሲስ ይነበባል፣ ኮማንድ ዶት ኮም ይነሳል፣ በመጨረሻ አውቶኤግዜክ ዶት ባት ይሠራል። አለቀ።

ከእነዚህ ሁለቱ፣ ኮንፊግና አውቶኤግዜክ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። ከፍታችሁ መስመር ትሰርዛላችሁ፣ እንደገና ታስነሳላችሁ፣ ውጤቱን ወዲያው ታያላችሁ። የድምፅ ካርዱ ድራይቨር ማሽኑን እያደረቀ ሲያስቸግረኝ፣ ገና ሲነሳ ኤፍ8 ተጭኜ እያንዳንዱን መስመር አዎ ወይም አይ እያልኩ ጥፋተኛውን ያዝኩት። ኤፍ5 ደግሞ ሁለቱንም ፋይሎች ይዘላል። ዛሬ ላይ ካሉት ሲስተሞች ስንቱ ነው እንዲህ ጓዳውን የሚያሳየው?

ዶስ ለፕሮግራሞች የሚሰጠው ሚሞሪ በ640 ኪሎባይት የመወሰኑ ጣጣ አለ፤ ግን ሃይሜም የተባለውን የሚሞሪ ድራይቨር ጭናችሁ ዶስን ወደ ላይኛው ሚሞሪ ካዛወራችሁት ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል።

ዲስክ ላይ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ፋት16፣ ማለትም ዶስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚመዘግብበት ሥርዓት፣ አንድን ክፋይ ከ2 ጊጋባይት በላይ አያደርስም፤ እሱም ቢሆን በነፃ አይደለም። ክፋዩ ከ1 ጊጋባይት ሲያልፍ እያንዳንዱ ክላስተር (ለፋይል የሚሰጠው ትንሹ የቦታ መጠን) 32 ኪሎባይት ይሆናል። ስለዚህ የሁለት መስመር ማስታወሻ ብትጽፉም 32 ኪሎባይት ይበላል። እኔ ትናንሽ ፋይል የማበዛ ሰው ስለሆንኩ ዲስኩን በኤፍዲስክ (በዶስ የዲስክ መከፋፈያ) እያንዳንዳቸው ከ512 ሜጋባይት በታች ወደሆኑ ክፋዮች ቆራረጥኩት። ክላስተሩ ወደ 8 ወረደ፣ ቦታውም ተረፈ።

ከሁሉም የሚያናድደው ለክፋዮቹ የሚሰጠው ፊደል (ሲ፣ ዲ፣ ኢ) አሰጣጡ ነው። ዶስ መጀመሪያ የሁሉንም ዲስኮች ዋና ክፋይ ይቆጥራል፣ ሎጂካል ድራይቮቹን (ኤክስቴንድድ በተባለው ክፋይ ውስጥ ያሉትን) ከዚያ በኋላ። ሁለተኛ ዲስክ ጨምራችሁ ዋና ክፋይ ከሠራችሁበት የትናንቱ ዲ ዛሬ ኢ ይሆናል፣ ዲን ይጠሩ የነበሩ ባች ፋይሎችም ሁሉ መንገድ ይስታሉ። መላው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ዋና ክፋይ ሳትሠሩ ኤክስቴንድድ ብቻ ፍጠሩ፣ ፊደሎቹ መጨረሻ ላይ ይሰለፋሉ። ይህን ግን ኤፍዲስክ ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

የጠፋ ፋይል የሚመልሰው አንዲሌት አሪፍ ነው። ዶስ ፋይል ሲያጠፋ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይደመስሳል፣ ቦታውንም ነፃ ነው ብሎ ይመዘግባል፣ መረጃው ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል፤ ስለዚህ ቶሎ ከደረሳችሁ ያቺን ፊደል ጠይቆ ይመልስላችኋል።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ኤፍዲስክን ከመንካታችሁ በፊት ፎርማትን በኤስ ምርጫ ተጠቅማችሁ የሚነሳ ፍሎፒ ሥሩ፣ ኤፍዲስክን፣ ሲስን (የሲስተሙን ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚጽፈውን) እና ፎርማትን ኮፒ አድርጉበት። የኔ ሁሌም ከማሽኑ አጠገብ ነው።