ከአፕግሬድ በኋላ ለተንቀረፈፈ የስቱዲዮ ላፕቶፕ፦ ደብረ ማርቆስ ያለች አንዲት ጥገና ቤት

ሰሞኑን ቢት የሚሠራም መዝሙር የሚቀዳም ሰው ሲያገኘኝ የሚያነሳብኝ ነገር አንድ ሆኗል። «ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 ካሳደግኩት ወዲህ ፕሮግራሙ ይጎተታል፣ ድምፁ ይንጣጣል፣ የት ላሠራው?» መልሴ አጭር ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለች፤ እዚያ ውሰዱት። ባለቤቱ ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጽፈውም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እጠቁማለሁ።

አፕግሬዱን ማንም ወዶ አላደረገውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የደንበኛ ሥራ የተቀመጠበት ኮምፒውተር የደኅንነት አፕዴት ሳያገኝ ኢንተርኔት ላይ ሲውል ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። የኔ ላፕቶፕ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ኤስኤስዲ አለው። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ያሟላል። አፕግሬዱም ያለ ምንም እንከን አለቀ። ብሮውዘሩ ፈጣን፣ ቪዲዮው ጥሩ፣ ሁሉም ሰላም ነበር።

ችግሩ የመጣው ቀረጻ ላይ ነው። ለጥር ሰርግ የሚሆን ዘፈን ይዘን ነበር። የጎጃም ምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ፈጣን ነው፣ ትንሽ መዘግየት እንኳ አይሸከምም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ሄድፎኑን አድርጎ ጀመረ፤ ጥቂት እንደሄደ ቀስቱን ከክሩ ላይ አነሳ። «ጋሼ፣ የራሴ ድምፅ ወደኋላ እየቀረ ይመጣብኛል» አለኝ። አንድ ጆሮውን ከፍቶ ሞከረ። ከዚያ ሄድፎኑን ጭራሽ አወለቀው፣ ያኔ ደግሞ ከከበሮው ጋር መገናኘት አልቻለም። ባፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበትን መጠን፣ ሳሳንሰው መዘግየቱ ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። ባፈሩን ሳበዛው መንጣጣቱ ይጠፋና መዘግየቱ ተመልሶ ይመጣል። ያው ፕሮጀክት፣ ያው ሳውንድ ካርድ፣ ከአፕግሬዱ በፊት ያለ ችግር ይሠራ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቤት ነበር። ላፕቶፑን በደንብ እንኳ ሳያዩት «ፎርማት ይደረግ፣ ራምም ጨምርበት» አሉኝ። ይህን መልስ ስንቶቻችን ሰምተነዋል! ፎርማት ለስቱዲዮ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ፕለጊኑ (በቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመረው ተቀጥላ)፣ ላይሰንሱ፣ የሳምፕል (የተዘጋጁ ድምፆች) ፎልደሩ፣ የፕሮጀክቱ አደረጃጀት ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። በሞባይል ዳታ ያን ሁሉ ጊጋ መልሶ ማውረድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ደግሞ ለናንተ አልነግራችሁም።

እዚህችኛዋ ቤት ያለው ልጅ ግን ገና በስልክ ሳናግረው «ሳውንድ ካርዱን ከነገመዱ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ስደርስም «ጋሼ፣ የሚያስቸግርዎትን ፕሮጀክት ይክፈቱልኝና ልስማው» አለ። ሄድፎኑን አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማው። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው። የድምፅ ችግር በጆሮ ካልተሰማ በምን ይታወቃል?

ከዚያ ሌተንሲሞን የምትባል ፕሮግራም ከፈተ። ለግል ጥቅም በነጻ የምትወርድ ናት። ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ድምፁን ቆራርጦ፣ በሰዓቱ፣ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ማድረስ አለበት። አንዱ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ፕሮሰሰሩን ይዞ አልለቅም ካለ ድምፁ ተራውን ያጣል፣ «ጣ» የሚለው ያኔ ነው። ለዚህ ነው ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩው ገና ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ድምፁ የሚቆራረጠው። ሌተንሲሞን የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለምን ያህል ማይክሮ ሰከንድ እንደያዘ በፋይል ስሙ አውጥታ ታሳያለች። የኔ ላይ ከሁሉም በላይ የወጣው የኔትወርክ ፋይል ነበር። ዋይፋዩን አጠፋና መለኪያዋን እንደ አዲስ አስጀመራት። ቀይ የነበረው አረንጓዴ ሆነ። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ለዊንዶውስ 11 የተሠራውን የዋይፋይ ድራይቨር አውርዶ ጫነ፣ ዋይፋዩን መልሶ ከፈተ፣ ለካ፤ አሁንም አረንጓዴ።

መንጣጣቱ በዚህ ተፈታ። መዘግየቱ ግን ምክንያቱ ሌላ ነበር። ከአፕግሬዱ በኋላ የሳውንድ ካርዱ የራሱ አሲዮ ድራይቨር (ድምፁን ብዙ ሳያዘገይ ለማሳለፍ የተሠራው) መሥራት አቁሟል፣ ፕሮግራሙም ለሁሉም ወደሚሆነው የዊንዶውስ ድራይቨር ዞሯል። ድምፅ ስለወጣ ብቻ ማንም አያስተውለውም። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቶ አሳየኝ። በ44,100 ኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 የድምፅ ቁራጭ (ሳምፕል)፣ ስትቀዱ 128 ሳምፕል ባፈር ማለት 2.9 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። 1024 ካደረጋችሁት 23 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ድምፁ ሲገባም ሲወጣም ስለሚቆይ እጥፍ አድርጉት፣ 46 ያልፋል። ማሲንቆ ተጫዋቹ የሰማው መዘግየት ይሄ ነው፣ የተጫዋቹ ጆሮ ትክክል ነበር። አዲሱ አሲዮ ድራይቨር ሲጫን 128 ላይ አድርገን ያለ መንጣጣት ቀዳን።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የፓወር ሞዱ «ባላንስድ» ላይ ነበር፣ «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ አደረገው። ይህ መብራት ሲሄድ በባትሪ ለምንሠራ ሰዎች የበለጠ ይጠቅማል፤ ላፕቶፕ ከቻርጀር ሲነቀል ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ዝቅ ያደርጋል። ለባትሪ የተቀመጠው ምርጫ ለብቻው እንደሆነ አትርሱ፣ ሁለቱንም ማስተካከል ነው። ዩኤስቢ ወደቡ ኃይል ለመቆጠብ እንዳያንቀላፋም ዘጋው። የሳምፕል ፎልደሩን ከዲፌንደር (የዊንዶውስ ፀረ ቫይረስ) ፍተሻ ውጭ አደረገው፤ «ዳውንሎድ ፎልደርን ግን በፍጹም አላወጣም» ብሎ አስጠነቀቀኝ፣ ልክ ነው፤ ቫይረስ ይዘው የሚመጡት ክራክ ፕለጊኖች የሚወርዱት እዚያ ነው። የፕሮጀክት ፎልደሩ ከክላውድ ጋር ራሱን እያዛመደ ስለነበር በቀረጻ ሰዓት እንዲቆም አደረገ።

ሪፐር የሚባለውን የቀረጻ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። ፐርፎርማንስ ሜትር የሚባል መስኮት አለው፣ የትኛው ትራክ ፕሮሰሰሩን እንደሚበላ በትራክ ለይቶ ያሳያል። ልጁ ይህን ከፍቶ ሁለት ከባድ ትራኮችን ፍሪዝ አደረገልኝ፣ ፕሮጀክቱ ወዲያው ቀለለ። ትራኩ ወደ ድምፅ ፋይል ይቀየራል፣ ስትፈልጉ ትመልሱታላችሁ። 8 ጊጋ ራም ላለው ሰው ይህ ከአዲስ ራም ይሻላል።

የበለጠ ያከበርኩት ግን ባልነካው ነገር ነው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም «ሜሞሪ ኢንተግሪቲን አጥፉ» ይላል። የደኅንነት ጥበቃ ነው፣ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነት ይቀንሳል። ልጁ አጥፍቶም አብርቶም ለካው፣ የኔ ላይ የሚሰማ ልዩነት አልነበረውም፣ እንደበራ ተወው። ራምም አልሸጠልኝም፤ መደርደሪያው ላይ ግን ነበረው። ከፈለገ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፣ እኔም ከማሲንቆው በኋላ ለመግዛት ዝግጁ ነበርኩ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ዋጋውን ቀድመው አይነግሩም። «ይታያል» ነው የሚሉት፣ የመጨረሻው ዋጋ ከአዲስ ራም በብዙ ያነሰ ቢሆንም ሰው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጡም። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት «ባክአፕ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የሰው ዓመታት ሥራ ያለበትን ዲስክ ነው የሚነኩት። ማክ አይሠሩም። ስለ ድምፅ የሚያውቀው ደግሞ ያ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ከሌለ የምታገኙት ያንኑ የፎርማት መልስ ነው። ስለዚህ ደውላችሁ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትሂዱ፣ በተለይ ከቢቸና ወይም ከፍኖተ ሰላም ላፕቶፕ ታቅፋችሁ አውቶቡስ የምትሳፈሩ። ቤቷ ጄኔሬተር የላትም፣ መብራት ከሄደ ሥራው ይቆማል።

ከነጉድለቷ ግን ለስቱዲዮ ሰው ከማውቃቸው ሁሉ እመርጣታለሁ። ያ ልጅ ሳይለካ አይነካም፣ የነካውንም ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጣል፤ የዋይፋዩም የአሲዮውም ድራይቨር ቁጥር እጄ ላይ አለ፣ ነገ ሌላ አፕዴት መጥቶ ቢቀይረው የቱን መልሼ እንደምጭን አውቃለሁ።

ገና ያላሳደጋችሁ ካላችሁ ቅድሚያ ወደ ሳውንድ ካርዳችሁ አምራች ገጽ ግቡና ለዊንዶውስ 11 የሚሆን ድራይቨር መኖሩን እዩ። ከሌለ ሥራ በተደራረበበት በሰርግ ወቅት አታሳድጉ። ያሳደጋችሁና የተቸገራችሁ ደግሞ፣ ገና 10 ቀን ካልሞላው ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ የሚለው ጋ ወደ ድሮው የሚመልስ ቁልፍ አለ፤ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ (Windows.old) የሚለውን ፎልደር ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ቀድማችሁ ካጠፋችሁት ግን አይሠራም።