ፓይስፔዳስ በባህር ዳር ኔት ይሠራል ወይ ላላችሁኝ

ለማስተርስ ጽሑፌ ፓይስፔዳስን አራት ወር ያህል ስጠቀም ከረምኩ፣ ይሠራል፣ ግን ካወቃችሁበት ነው።

ለማያውቀው፣ ስፔዳስ የሕዋ ሳተላይቶችን ዳታ አውርዶ የሚተነትን ሶፍትዌር ነው፣ ድሮ በአይዲኤል፣ በሚከፈልበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ የተጻፈ ነው፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጠቁት አምስቱ የናሳ ቴሚስ ሳተላይቶች የተሠራው ሶፍትዌር ነው። የአይዲኤልን ላይሰንስ የተማሪ ኪስ አይችለውም። ፓይስፔዳስ ያንኑ በፓይተን በነጻ ያመጣ ነው። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ የትኛው ሳተላይት፣ የትኛው መሣሪያ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በቃ እሱ ራሱ ሰርቨር ጋ ሄዶ የሲዲኤፍ ፋይሉን (የሳተላይት ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ነው) ፈልጎ አውርዶ ከፍቶ ያስቀምጥላችኋል፣ ከዛ ቲፕሎት (ግራፍ የሚስለው ትእዛዝ) ማለት ብቻ ነው። ሲዲኤፍ በእጄ ስከፍት የፈጀሁትን ቀን ሳስበው ያናድደኛል።

እኔን የገዛኝ ግን ሌላ ነው፣ አንዴ ያወረደውን ፋይል ላፕቶፓችሁ ላይ ያስቀረዋል፣ ኖ አፕዴት የሚለውን ትሩ ካደረጋችሁት ደግሞ ሰርቨር ጋ ጭራሽ አይሄድም። ስለዚህ ሌሊት ኔቱ ሲፈጥን የሳምንቱን አወርድና ጠዋት ጣና ዳር ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ያለ ኔት እሠራለሁ፣ ባትሪ እስካለኝ መብራት ሄደ አልሄደ ምን ቸገረኝ።

ኤምኤምኤስ የሚባሉት የናሳ ሳተላይቶች ላይ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት አራቱ ሳተላይቶች በርስት ሞድ (በጣም ፈጣኑ አለካክ) ላይ ኤሌክትሮንን በየ30 ሚሊሰከንዱ ይለካሉ፣ ጉድ ነው፣ የፋይሉ ክብደትም ጉድ ነው። ሳላስተውል የአራቱንም ዲስትሪቢውሽን (ሙሉውን የቅንጣቶች ፍጥነት ስርጭት) የግማሽ ቀን ጠርቼ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ፓኬጄ አለቀ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ሞመንቱን (ከዛ የተሰላውን እንደ ጥግግትና አማካይ ፍጥነት ያለውን) ብቻ ብወስድ ይበቃኝ ነበር።

ሌላው፣ ዳታ ከሌለ ኮዱ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ባዶ ይመልሳል። የግንቦት 2016ቱን (እ.ኤ.አ. ሜይ 2024) ትልቅ ማግኔቲክ ማዕበል፣ የማዕበል ብርታት መለኪያው ዲኤስቲ ከኔጌቲቭ 400 ናኖቴስላ በታች የወረደበትን፣ ከቫን አለን ፕሮብስ ሳተላይቶች ስፈልግ ዋልኩ፣ ለካ ሳተላይቶቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ አቁመዋል 😂

የዳታው ሰዓት ደሞ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። በኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 መቀነስ እንጂ መደመር አይደለም፣ የዩቲሲ 9 ሰዓት የኛ ቀትር 6 ሰዓት ነው። አንድ ጓደኛችን መሬት ላይ ያለ ማግኔቶሜትር (ማግኔቲክ ፊልድ መለኪያ) ዳታ ላይ 3 ደምሮ 12 አገኘ፣ 12ን እንደኛ አነበበውና የኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት (ምድር ወገብ ላይ ከፍ ብሎ ሰማይ ላይ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት) የሚበረታው አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ነው ብሎ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ቆመ። ነገርየው የሚበረታው እኮ እኩለ ቀን አካባቢ ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለዛ ዝምታው ነው። የቴሚስ ማግኔቶሜትር ዳታ የምትፈልጉ ሃርድዲስክ ይዛችሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ኑ፣ ፎልደሩን ኮፒ አረግላችኋለሁ፣ የዳታ ፎልደሩን አድራሻ ወደዛ ካዞራችሁት ድጋሚ ማውረድ የለም።