በሐዋሳ ያሠራነው የሴሊያክ የደም ምርመራ

ይህ አስተያየት በሐዋሳ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ላቦራቶሪ ለልጄ ስላሠራሁት የሴሊያክ ምርመራ ነው። ሴሊያክ በስንዴና በገብስ ውስጥ በሚገኘው ግሉተን በሚባል ፕሮቲን ምክንያት ሰውነት የራሱን ትንሽ አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ ተቅማጡና የደም ማነሱ በየጊዜው እየተመላለሰባት በየክሊኒኩ የጃርዲያ መድኃኒት ሲታዘዝላት ቆይቷል።

መስተንግዶውን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ደም የቀዳችው ባለሙያ ልጅቷን አረጋግታ በአንድ ውጊያ ጨርሳለች። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ እንደሚላክ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ተነግሮኝ፣ በተባለው ቀን ደርሷል።

ቅር ያሰኘኝ የምርመራው ይዘት ነው። የተሠራው የቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ አይጂኤ ብቻ ሲሆን ውጤቱም ኔጌቲቭ ነበር። ይህ ምርመራ የሚፈልገው ከአንቲቦዲ (ሰውነት ለመከላከያ ከሚያመርታቸው ፕሮቲኖች) ዓይነቶች አይጂኤ የሚባለውን ስለሆነ፣ ሰውነቱ አይጂኤ የማያመርት ሰው አንጀቱ በግሉተን እየተጎዳም ቢሆን ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህ ደግሞ እንዲያው በሩቁ የሚታሰብ ዕድል አይደለም፤ ከ100 የሴሊያክ ሕሙማን 2 ወይም 3 ያህሉ የአይጂኤ እጥረት ያለባቸው ሲሆን፣ ይህም በሌላው ሕዝብ ዘንድ ከሚታየው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለሁለቱም የሚያጋልጡት የዘር ውርስ ባሕርያት በከፊል የጋራ ናቸውና። ስለዚህ ጠቅላላ የአይጂኤ መጠን አብሮ ሊለካ ይገባ ነበር። የላቦራቶሪው ቅጽ ግን ይህን ምርመራ የሚያስመርጥ ቦታ እንኳ የለውም።

ሐኪማችን ውጤቱን አይቶ ጠቅላላ አይጂኤ እንዲለካ አዘዘ። ላቦራቶሪው ልጅቷን ዳግመኛ ሳይወጋ ከመጀመሪያው ደም ተለይቶ በተቀመጠው ሴረም (የደም ፈሳሽ) ማሠራቱ ያስመሰግነዋል። መጠኑ በዴሲሊትር ከ7 ሚሊግራም በታች ሆኖ ተገኘ፤ ከ4 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ይህ የለየለት እጥረት ነው። እንዲህ ሲሆን ፍለጋው አይጂጂ ወደሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ይዞራል፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት የሚወሰድ ናሙና ነው። አሁን ያለነው እዚያ ላይ ነው። የጃርዲያው ታሪክም ቢሆን ከንቱ አልነበረም፤ የአንቲቦዲ እጥረት ያለባቸው ሰዎች ለጃርዲያ የተጋለጡ ከመሆናቸውም በላይ ጃርዲያ ራሱ የአንጀትን ግድግዳ ጎድቶ ሴሊያክን ሊመስል ስለሚችል፣ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም።

ሌላው ጉድለት ልጅቷ ምን እንደምትበላ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ምርመራው የሚሠራው ስንዴ ወይም ገብስ እየተበላ ሲሆን፣ እንደ እኛ አካባቢ ቆጮ፣ በቆሎና የጤፍ እንጀራ በሚዘወተርበት ቤት ደግሞ አንድ ልጅ ግሉተን ሳይቀምስ ብዙ ቀን ሊያልፈው ይችላል። የእኔ ልጅ ዳቦና በሶ ስለምትወድ በዚህ በኩል አልተቸገርንም። ይህን አንብባችሁ ልጆቻችሁን ለማስመርመር የምታስቡ ወላጆች ግን ውጤቱ ሳይታወቅ ዳቦ እንዳትከለክሏቸው አደራ እላለሁ።

የውጤቱ ወረቀት ያለ አንዳች ማብራሪያ መሰጠቱም ተገቢ አይደለም። የአይጂኤ እጥረት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ደም ሲለገሳቸው ከባድ አለርጂ ሊገጥማቸው ስለሚችል፣ ወላጅ ይህን አውቆ በሄደበት ሆስፒታል ሁሉ መናገር አለበት።

ለናሙና አወሳሰዱና ለቀጠሮ አክባሪነቱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ለምርመራው አሟልቶ መቅረብ ግን ከግማሽ በታች። ወደዚያው ላቦራቶሪ የምመለስ ቢሆንም፣ ሁለቱም ምርመራዎች በሐኪሙ ማዘዣ ላይ መጻፋቸውን አስቀድሜ አይቼ ነው።