የቤት ብድሩ ወጥመድ ሆኖ ሲገኝ፦ መሰረዝ ወይስ መክሰስ?

አሜሪካ ውስጥ ቤቱን አስይዞ ተበድሮ የተጸጸተ ሰው ሁለት መንገድ አለው።

መሰረዝ፦ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የብድር ግልጽነት ሕግ (Truth in Lending Act) ከፊርማው በኋላ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ጊዜ ይሰጣል። ቅዳሜ ይቆጠራል፤ እሑድ አይቆጠርም። ምክንያት አይጠየቅም፣ ጠበቃም አያስፈልግም፤ የተፈረመ ደብዳቤ በፖስታ መላክ ይበቃል። ለቤት መግዣ ብድር ግን አይሠራም፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

መክሰስ፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል አቅም እንዲያጣራ ያስገድዳል። ለመግዣ ብድርም ይሠራል። የመክሰሻ ጊዜው 3 ዓመት ነው። አድካሚና ወጪ ያለው ነው።

የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ የነቃ ይሰርዝ። ወራት ያለፉበት፣ በተለይም የደመወዝ ማስረጃው ሳይታይ ገቢው ተጋንኖ የተጻፈበት፣ ሰነዱን ይዞ ጠበቃ ያማክር።