ለኪራይ የሚሆን ቤት፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

በጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ የሚገዛ ቤት ተከራይ የሚያገኘው ከመንግሥት ሠራተኛው፣ ከነጋዴውና ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ በመሆኑ፣ ፍላጎቱ በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም፤ ሆኖም ከተማዋ በተዳፋት ላይ የተሠራችና የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋቸው ሰፈሮች ያሏት ስለሆነች፣ ገዢው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የድጋፍ ግንቡን፣ የግድግዳውን ስንጥቅና የጎርፍ መውረጃውን በክረምት ሄዶ እንዲመለከት አጥብቄ እመክራለሁ።

ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃታማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደቡ ነጠላ ክፍል የሚፈልግ ሠራተኛ ያመጣሉ፤ የፋብሪካ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ክፍሎቹም አብረው ባዶ ይቀራሉ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንበት ከተማ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ሊያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ሊበልጥ ስለማይችል፣ ለአከራዩ የተረጋጋ ተከራይ ማግኘት ወሳኝ ነው፤ ስለዚህ ቤቱን ከሩቅ ሆኖ ለሚያስተዳድር ሰው፣ ተከራዩ ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥባትን ደሴን አስቀድማለሁ።